«ፀባዩ አይመችም»

ባለፈው ክረምት አንድ ማክሰኞ ማታ ታናሽ ወንድሜ ታኬታውን በፌስታል አንጠልጥሎ ቤት ገባ። ሌላ ጊዜ ጭቃውን ደጅ ላይ አራግፎ በር ሥር ነው የሚያኖረው። ያን ቀን ፌስታሉን እንደ ቆሻሻ ቋጥሮ አልጋ ሥር ወረወረው። እናታችን ራት ስታቀርብ «አልበላም» አለ። ልጁ 17 ዓመቱ ነው፤ ራት እምቢ ብሎ አያውቅም።

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ከሚጫወትበት የታዳጊዎች ቡድን ተቀንሷል። የቡድኑን ስም እዚህ አላነሳም። የተሰጠው ምክንያት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ችሎታ አለው፣ ፀባዩ ግን አይመችም። ምን አድርጎ? ቃል የተገባላቸው የትራንስፖርት ገንዘብ ሦስት ወር ሲዘገይ፣ በልጆቹ ሁሉ ፊት እጁን አውጥቶ «መቼ ነው የሚሰጠን?» ብሎ ጠይቆ። እሱ እንደሚለው ይኼው ነው። እኔ ቦታው ላይ አልነበርኩም፤ ታናሼም መልአክ አይደለም፣ ሲናደድ አፉ ይቀድመዋል።

አባባ ወሬውን ሲሰማ ብዙም አልደነቀው። «ኳስ የሚችልማ በየመንደሩ ሞልቷል፤ የጠፋው ፀባይ ነው» አለ። እኔ ታናሼን ለመከላከል ብዬ «ፀባይ ጎል አያገባም!» ብዬ ጮህኩ። ራቱ ቀዘቀዘ። ማናችንም አላሸነፍንም። መብራት ካጠፋን በኋላ ግን ታናሼ በጨለማው ውስጥ «እውነቴን ነው፤ ከችሎታና ከፀባይ የቱ ይበልጣል?» አለኝ። «ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት። ይህ ጽሑፍ የዘገየው «ነገ» ነው።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። አንድ ሲስተም ሲበላሽ ከመጨቃጨቃችን በፊት ሎጉን ከፍተን ወደ ኋላ እንሄዳለን፦ መቼ፣ ምን ሆነ? ይህንንም ጥያቄ እንደዚያው ያዝኩት። ደግነቱ የኢትዮጵያ ኳስ ሎግ ሩቅ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አንዱ የተጻፈው እኛው ሰፈር ነው።

ስሙ የተነጠቀ ቡድን

ቤታችን ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ብዙ አይርቅም። የሚያውቀው ያውቀዋል፦ በአንድ በኩል አራዳ ጊዮርጊስና ፒያሳ፣ በሌላ በኩል ወደ መርካቶ የሚወስደው መንገድ። ልጅ ሆኜ የሰው ስም መሆኑን እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም፤ የታክሲ ረዳት የሚጠራው ፌርማታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር እንደነበሩ ያወቅሁት በኋላ ነው። ሕዝቡ ግን ለጦር ሚኒስትሩ ያወጣላቸው ቅጽል ከጉልበት ጋር አይገናኝም። «አባ መላ» ነው ያላቸው። ስለ ችሎታና ስለ ፀባይ ለሚከራከር ሰው ይህ ድልድይ መጥፎ መነሻ አይደለም።

አራዳ የሚለው ቃልም ነገር አለው። ሰፈር ነው፤ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው ትልቁ ገበያም ነው። «እሱ አራዳ ነው» ስንል ግን የምናወራው ስለ ሰው ባህሪ ነው፦ የነቃ፣ የማይሸወድ፣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ቶሎ የሚገባው።

በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ድንበር ተሻግሮ ወደ መሀል አገር እየገፋ ነበር። በዚያ ሰዓት አየለ አትናሽ እና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ሰዎች እዚሁ አራዳ ውስጥ የኳስ ቡድን መሠረቱ። ስሙንም እንደ ሰፈሩ ደብር ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ጦርነት በር ላይ ቆሞ ኳስ ቡድን ማቋቋም ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው እብደት ይመስላል። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ፣ ከተማዋ ተያዘች።

ጣልያኖቹ ኳሱን አልከለከሉም። የሠሩት ሌላ ነገር ነው። ከተማዋን በቆዳ ቀለም ከፋፈሏት፤ የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው ዛሬ መርካቶ የምንለውን የ«አገሬው» ገበያ አደረጉት፤ አራዳ ራሷ «ፒያሳ» ሆነች። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንም ስሙ ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ሊቶሪዮ ማለት ከፋሺስቶቹ ዓርማ የመጣ ቃል ነው። እንግዲህ አስቡት፦ የሰፈርህን ታቦት ስም ያነሱብህና የወራሪህን ዓርማ ስም ይሰጡሃል፤ ከዚያ «በል ተጫወት» ይሉሃል።

ልጆቹ ተጫወቱ። ይህን ሳስብ ብዙ ጊዜ ቆም እላለሁ። በዚያ ስም ሜዳ መግባት መታዘዝ ነው? ወይስ እስኪያልፍ ድረስ አንድ ነገር ይዞ መቆየት? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጣልያን ሲወጣ ቡድኑ የመጀመሪያ ስሙን መልሶ ያዘ፤ እስከ ዛሬም በዚያው ይጠራል። ላዩን ለሚያይ ሰው ግን እነዚያ ልጆች «ፀባየኛ» ነበሩ። ዝም ብለው የተባሉትን የሚለብሱ። ፀባይ የምንለው ነገር ከውጭ ሲያዩት ያታልላል።

እምቢ ያሉት ሰው

በቡድኑ ውስጥ አንድ ወጣት ነበር፤ ይድነቃቸው ተሰማ። በ1914 ዓ.ም. ጅማ የተወለዱት አቶ ይድነቃቸው፣ ድምፃቸውን ጀርመን አገር በሸክላ በማስቀረጽ ቀዳሚ የሆኑት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተዋል፤ 318 ጎል እንዳገቡም ይጠቀሳል። የችሎታቸው ነገር አያከራክርም። እኔን የሳበኝ ግን ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ ያለው ታሪክ ነው።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ሲቋቋም መሥራቾቹ አራት አገሮች ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ እና ደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ሊካሄድ ነው። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን ካልሆነ አልልክም አለች። ሌሎቹ «እንግዲያው ቅሪ» አሏት። ከእምቢ ባዮቹ አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ። በኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩም በዚህ አቋማቸው ንቅንቅ አላሉም።

ታዲያ የዚያ እምቢታ ውጤት ምን ሆነ? ደቡብ አፍሪካ ልትገጥም የነበረው ኢትዮጵያን ስለነበረ ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳታደርግ ለፍጻሜ አለፈች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው፤ አድ-ዲባ ይባላል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1951 ዓ.ም.፣ ካይሮ ላይ እንደገና ገጠምናቸው። እንደገና 4 ለ 0።

ይህን ለአባባ ነግሬው ፊቱን አጨፍግጓል። በ1949 ፀባዩ የእኛ ነበር፤ ጎሉ የእነሱ። ክብር ያለው አቋም ፍጻሜ ድረስ አድርሶናል፤ ሜዳ ውስጥ ግን አድ-ዲባን አላቆመልንም። እዚህ ጋ የእኔ ወገን መሪ ይመስላል። ቆይ ግን፣ ሎጉ ገና ነው።

ጥር 13 ቀን 1954

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። አራት ቡድን ነው፦ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳ እና ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የምትጫወተው ግብፅ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረትታ ለፍጻሜ አለፈች። የሚጠብቃት ያው ነው፦ ሁለቱንም ያለፉ ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ።

አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ። ሉቺያኖ አስመራ ውስጥ ከጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ፣ በድህነት ያደገ፣ በመካኒክነት እየሠራ ኳስ የተጫወተ ሰው ነው። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም በቡድኑ ውስጥ አለ። እንደነሱ የተወለዱ ልጆች በሁለቱም ወገን ምን ይባሉ እንደነበር ለአገሬ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ሉቺያኖ ካረጀ በኋላ ሕይወቱን በጣልያንኛ ጽፎታል። የመጽሐፉ ርዕስ ወደ እኛ ሲመጣ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው» እንደ ማለት ነው። ርዕሱን መጀመሪያ ያወቅሁ ጊዜ ያሰብኩት ስለ ታናሼና ስለ ትራንስፖርት ገንዘቡ ነው። ለካ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዋንጫ ያነሳ ሰው ስለ ኳስ ሲያስብ ትዝ የሚለው ዋንጫው ሳይሆን ለእናቱ ያመጣው ብር ነው። ገንዘብ የጠየቀ ልጅ ኳስ አይወድም ያለው ማን ነው?

ከውድድሩ በፊት የሆነ አንድ ነገር ሲነገር ኖሯል። የጣልያን ስም ያለው ክልስ አምበል ሆኖ ከጃንሆይ እጅ ዋንጫ መቀበሉ ያልተዋጠላቸው ሰዎች ነበሩ፤ የወንድማማቾቹ ስም ወደ አበሻ ስም ይቀየር፣ አምበልነቱም ለሌላ ይሰጥ የሚል ግፊት መጣ። ይድነቃቸው አይሆንም አሉ ይባላል። ስሙም አልተቀየረም፤ አምበሉም ያው ሉቺያኖ ሆኖ ቆየ።

አሁን ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ጣልያኖች የአራዳን ቡድን ስም ነጥቀው የራሳቸውን ሰጡት። ከ20 ዓመት በላይ አልፎ፣ የእኛው ሰዎች ደግሞ የጣልያን ስም ያለውን ልጅ ስም ሊነጥቁ ፈለጉ። መሀል ላይ ያሉት ሰው በወጣትነታቸው ስሙ በተነጠቀ ቡድን ውስጥ የተጫወቱት ናቸው። በዚያኛው ጊዜ ምን እንደተሰማቸው አላየሁባቸውም፤ ግን ስም መንጠቅ ማን አደረገው ማን ያው ስም መንጠቅ እንደሆነ የገባቸው ይመስለኛል። በዚያ ቀን ለበላይ ሰው «እሺ» ማለት ነበር «ጥሩ ፀባይ» የሚያሰኘው።

ጨዋታው ጥር 13 ቀን ነው። ጃንሆይ ተቀምጠዋል፤ የዛሬው አዲስ አበባ ስታዲየም ያኔ በስማቸው ነው የሚጠራው። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ ለግብፅ አገባ። ኢትዮጵያ እስከ 74ኛው ደቂቃ ጠብቃ አቻ ሆነች። አንድ ደቂቃ እንኳ ደስታው አልቆየም፤ በ75ኛው ባዳዊ ደገመ። በዚህ ሰዓት የብዙ ቡድን ልብ ይሰበራል። ከሁለት ጊዜ 4 ለ 0 በኋላማ እግሩም «አውቄዋለሁ ይኼን» ይላል። በ84ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ 2 ለ 2 አደረገችው። ተጨማሪ ሰዓት። በ101ኛው ኢታሎ ቫሳሎ አገባ። በ117ኛው የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስገብቶ ነገሩን ዘጋው። 4 ለ 2። ስሙ ያልተቀየረው አምበል ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን ተቀበለ። ኢትዮጵያ እስካሁን ያላት ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ እሱ ነው።

ታናሼ ይህን ስነግረው «እና ያሸነፈው ፀባይ ነው?» አለኝ። ቶሎ «አዎ» ማለት ያምራል። ግን ሐቀኛ መሆን አለብኝ። በ1951 እና በ1954 መካከል የተለወጠው ብዙ ነው። ሜዳው የራሳችን ነው፤ ሕዝቡ የራሳችን ነው፤ እንደ መንግሥቱ ወርቁ ያለ አጥቂ ደግሞ በየዘመኑ አይወለድም። በዚያ ውድድር መንግሥቱ ከባዳዊ እኩል በ3 ጎል የከፍተኛ ጎል አግቢነቱን ተጋርቷል። ችሎታ ባይኖር በ84ኛው ደቂቃ የቱንም ያህል ልብ ቢኖርህ ኳሷ መረብ አትነካም። እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ችሎታ ጎሉን አስገባው፤ ፀባይ ግን ከ75ኛው እስከ 84ኛው ደቂቃ ያሉትን ዘጠኝ ደቂቃዎች አቆያቸው። ዘጠኙ ደቂቃዎች ባይኖሩ ጎሉ የሚገባበት ሰዓት አይኖርም ነበር።

ጋሪንቻ ምን ይደረግ?

አሁን ራሴን ልሞግት። በዚያው በ1954 ዓ.ም.፣ ሰኔ ላይ፣ ቺሊ ውስጥ የዓለም ዋንጫ ነበር። የብራዚሉ ፔሌ ገና በምድብ ጨዋታ ተጎድቶ ወጣ። ቡድኑን ተሸክሞ ዋንጫ ያስወሰደው ጋሪንቻ ነው። ጋሪንቻን ማንም አሰልጣኝ «ፀባየኛ» አይለውም። መጠጥ ወዳጅ ነበር፤ በግማሽ ፍጻሜው ከሜዳ ተባርሯል፤ ግን በፍጻሜው እንዲጫወት ተፈቀደለት፤ ብራዚልም አሸነፈች። የተሸለ ጠባይ ያለው፣ በሰዓቱ የሚተኛ፣ የማይጠጣ የክንፍ ተጫዋች በዚያ ዓመት ዓለም ላይ በመቶ የሚቆጠር ነበር። አንዳቸውንም አናስታውስም።

አባባ እዚህ ላይ ነው የሚያሸንፈው መስሎት «መጨረሻውስ?» ያለኝ። መጨረሻው ያሳዝናል፤ ጋሪንቻ በ49 ዓመቱ በመጠጥ ምክንያት ሞተ። ግን ይህ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። ፀባይ ሰውን ከኳስ በኋላ ያኖረዋል ከሆነ ነገሩ፣ አልከራከርም። ጥያቄያችን ግን ሜዳ ላይ ነበር።

አንድ ሌላ ችግርም አለ። እኛ ስለ ፀባይ የምናወራው ውጤቱን ካወቅን በኋላ ነው። ያቺ የ84ኛው ደቂቃ ኳስ ብረት መትታ ብትመለስ፣ ዛሬ ያንኑ ቡድን «ዲሲፕሊን አልነበረውም፣ አቻ በሆነ በደቂቃው ተዘናጋ» እንለው ነበር። ያው ልጆች፣ ያው ልብ። ካሸነፍክ ጽናት ነው፤ ከተሸነፍክ ግትርነት። ውጤቱን አይተህ ምክንያቱን የምትጽፍ ከሆነ፣ ያ ሎግ ሳይሆን ተረት ነው።

ያው ቀን፣ ከ51 ዓመት በኋላ

እንግዲያው ሁለቱም ባህሪ በአንድ ቡድን ላይ የታየበትን ቀን እንይ። ኢትዮጵያ በአሰልጣኝ መንግሥቱ ወርቁ መሪነት ሊቢያ ላይ ከተካፈለችበት የ1974 ዓ.ም. ውድድር በኋላ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ጠፋች። የተመለሰችው ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው፤ ይድነቃቸው አፓርታይድን ስትጥል ካልሆነ ካሏት አገር። የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ጥር 13፣ 2005 ዓ.ም.። የዋንጫው ፍጻሜ በተደረገ ልክ በ51ኛ ዓመቱ፣ በዚያችው ቀን።

እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ከመቆሚያ በቀር ቦታ በሌለበት ነው ያየሁት። ተጋጣሚያችን ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ዛምቢያ ነው። ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ብዙም ሳይቆይ በረኛችን ጀማል ጣሰው ከግብ ክልሉ ወጥቶ እግሩን ወደ ላይ አንስቶ ገባና በቀይ ካርድ ወጣ። በመጀመሪያው አጋማሽ መጨረሻ ዛምቢያ አገባች። በ10 ሰው፣ በሻምፒዮን ላይ፣ ከ31 ዓመት በኋላ። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አስተካከለው። 1 ለ 1። ካፌው ውስጥ የማላውቀው ሰው አቅፎኝ አለቀሰ። እኔም ያው።

«ይኸው ፀባይ!» ማለት ይቻላል። ግን ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪና ፋሶን ገጠምን። በሁለተኛው አጋማሽ የእነሱ በረኛ በቀይ ወጣ። አሁን 10 የሆኑት እነሱ ናቸው። በ10 ሰው ሦስት ጎል ጨመሩብን፤ 4 ለ 0 ተሸነፍን። የእኛ ልጆች ልብ በአራት ቀን ውስጥ ጠፋ? አይመስለኝም። ቡርኪናዎቹም ልብ ነበራቸው፤ በዚያ ላይ አላን ትራኦሬና ጆናታን ፒትሮይፓ ነበሯቸው። ፀባይ ከፀባይ ጋር ሲገጥም የሚለየው ችሎታ ነው።

የሎጉ በጣም የሚያመው መስመር ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። በዚያው ዓመት ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፋ ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻው ማጣሪያ አለፈች ተብሎ ከተማው ሌሊቱን ሲጨፍር፣ ዜናው መጣ። ከስምንት ቀን በፊት በቦትስዋናው ጨዋታ ላይ ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ኖሮበት መቀመጥ ሲገባው ተሰልፏል። ፊፋ ሦስት ነጥብ ቀነሰ። በኋላ ቡድኑ መስከረም ሊጠባ ሲል ማዕከላዊ አፍሪካን አሸንፎ ማለፉን አረጋገጠ፤ ከዚያ በናይጄሪያ በደርሶ መልስ ተሸነፈ። ግን ያቺ አንድ ስህተት ሁሉንም ልታሳጣን ነበር።

ምንያህል ችሎታ ነበረው። ፀባይም አልጎደለውም፤ ግባ ሲሉት የገባ ሰው ነው። የጎደለው ነገር ሜዳ ላይ አልነበረም። አንድ ሠንጠረዥ፣ አንድ ረድፍ፣ ሁለት ቢጫ። ቆጥሮ «ይህ ልጅ ዛሬ አይሰለፍም» የሚል አንድ ሰው። እኔ በሥራዬ በየቀኑ የማየው ስህተት ነው፤ ትልቅ ሲስተም የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ማንም «የእኔ ሥራ ነው» ባላለው ትንሽ ነገር ነው። ስለ ተጫዋች ፀባይ ስንት ሰዓት እናወራለን፤ ስለ ጽሕፈት ቤት ፀባይ ግን ማን ያወራል?

ሁለት ነገር በአንድ ስም

ስለዚህ ለታናሼ የምለው ይኼ ሆነ። ጥያቄው «የቱ ይበልጣል» አይደለም። ችሎታ መግቢያ በር ነው፤ ከበሩ ውጭ የቆመ ሰው ፀባዩ የቱንም ያህል ቢያምር ማንም አያየውም። ከበሩ ከገባህ በኋላ ግን አጠገብህ ያለው ሁሉ ይችላል። እዚያ ውስጥ የሚለየው ነገ መምጣትህ ነው፤ በ75ኛው ደቂቃ ሲገባብህ አለመፍረስህ ነው፤ ስትናደድ እግርህን አለማንሳትህ ነው። ያኛው ፀባይ እውነተኛ ነው፤ ከችሎታ እኩል ባይሆን እንኳ ያለ እሱ ችሎታ ዕድሜ የለውም።

ችግሩ በዚሁ ስም የምንጠራው ሌላ ነገር መኖሩ ነው። እሱ ዝምታ ነው። «ፀባዩ ጥሩ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚባለው «አይጠይቅም» ነው። በዚህ ሚዛን ይድነቃቸው ፀባይ የላቸውም። በካርቱም እምቢ አሉ፤ በአዲስ አበባ እምቢ አሉ። ሁለቱን ፀባዮች ካልለየን፣ ዝም የሚሉትን እያስቀረን የሚቆሙትን እናባርራለን፤ ከዚያ በ84ኛው ደቂቃ የሚቆም ሰው እንፈልጋለን።

ባለፈው እሁድ ከታናሼ ጋር ከጊዮርጊስ ወደ ድልድዩ እየወረድን ይህን ሁሉ ነገርኩት። ከዚያ እንደ ታላቅ ወንድም አንድ ነገር ጠየቅሁት።

«እውነቱን ንገረኝ፤ ልምምድ ስንት ቀን ቀርተሃል?»

ዝም አለ። «አራት ቀን» አለ በመጨረሻ።

«አየህ! ይኼ ነው እኮ ፀባይ...»

«ብር ስላልነበረኝ ነው» አለ። «ለማን ልንገር? እማዬ ላይ አለ? የቀረውን ቀን በእግሬ ነው የሄድኩት።»

የምለው ጠፋኝ። አራቱ መቅረቶች አንድ ቦታ ተጽፈዋል፤ ያልተከፈለው የሦስት ወር ገንዘብ ግን የትም አልተጻፈም። ስሙ አጠገብ ያለው ሎግ ትክክል ነው፤ ግማሹ ግን የለም።

ጥያቄው ልክ እንደነበር ነገርኩት። ሰዓቱንና ቦታውን ግን እንዲመርጥ፣ መጀመሪያ ለብቻ እንዲጠይቅ፣ ያንንም እምቢ ካሉ ከጓደኞቹ ጋር እንዲጠይቅ፤ ድልድዩ የማንን ስም እንደያዘም ነገርኩት። «ሌላ ቡድን ስትሄድ መጀመሪያ ቀን፣ ኳስ ሳትነካ፣ ትራንስፖርት እንዳለ ጠይቅ» አልኩት። ሳቀ። «ይኼማ አራድነት ነው» አለ።

ማታ ቤት ስንገባ አባባ ቴሌቪዥን ፊት ነበር። ታናሼ አልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ ፌስታሉን ጎተተው። ጭቃው ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። አባባ ዞር ብሎ አየውና «ደጅ አራግፈው» አለው። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ፣ «ለታክሲ ስንት ነው የሚፈጅብህ?» ብሎ ጠየቀው።